ናሽናልስ፦ ዘር ሸጦ ዘር የሚገዛ ገበሬ

ደጋፊን ከሽንፈት በላይ የሚያበግነው ነገር ቢኖር የሚወደው ተጨዋች ማሊያ ቀይሮ ሲመጣ ማየት ነው። ይህን ለአርሰናል ደጋፊ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። በ2011 ፋብሪጋስ ወደ ባርሴሎና፣ በ2012 ደግሞ ቫን ፐርሲ፣ ያውም ወደ ማንቸስተር ዩናይትድ፣ ሲሄዱ የስንቱ ሐበሻ ራት ሳይበላ ተመልሷል። ዛሬ የማወጋችሁ ግን ከዚህም የባሰ ስላየ ደጋፊ ነው። ቡድኑ የዓለም ሻምፒዮን በሆነ በሦስት ዓመት ጊዜ ውስጥ ኮከቦቹን አንድ በአንድ አሰናብቶ፣ ከዚያ ወዲህ እስከ 2025 ድረስ ስድስት የውድድር ዘመናት በተከታታይ ካሸነፈው የተሸነፈው የበለጠ ነው። ቡድኑ የዋሽንግተኑ ናሽናልስ፣ ጨዋታውም ቤዝቦል ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ይሏል።)

“ቤዝቦል ደግሞ ከመቼ ወዲህ?” የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አይፈረድበትም። ነገር ግን አሜሪካ ውስጥ ሐበሻ በብዛት ከሚኖርባቸው አካባቢዎች የዋሽንግተንንና የአካባቢዋን ያህል የለም። የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ከተደረደሩበት ከዩ ስትሪት አረንጓዴውን የምድር ባቡር መስመር የያዘ ሰው ባቡር ሳይቀይር ናሽናልስ ስታዲየም አጠገብ ይወርዳል። አባቶች በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ሲከራከሩ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት የሚለብሱት ቀይ ኮፍያ የዚህ ቡድን ነው። ስለዚህ የናሽናልስ ጉዳይ ከእኛ ቤት ብዙም አይርቅም።

ሃሳቤን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ኮከብ መሸጥ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ናሽናልስ በ2022 ሁዋን ሶቶን ሲሰጥ ከተማው ሁሉ “ጉድ ሆንን!” ብሎ ነበር፤ እኔ ግን ያ ልውውጥ ክለቡ ከሠራቸው ጥሩ ሥራዎች አንዱ ነው ባይ ነኝ። ኃጢአቱ ሌላ ቦታ ነው። ዘሩን በጥሩ ዋጋ ገዝተው ሲያበቁ መሬቱን ሳያርሱ መቀመጣቸው ነው። ከዚያም አልፎ የበቀለችውን ጥቂት ቡቃያ መልሶ በሌላ ዘር መለወጥ ከተጀመረ መከር የሚባለው ቀን መቼም አይመጣም።

ወራጅ የሌለበት ሊግ

የእግር ኳስ ሰው ነገሩን እንዲረዳው ሦስት ነገሮችን ማወቅ አለበት። አንደኛ፣ በሜጀር ሊግ ቤዝቦል 30 ቡድኖች አሉ፤ እያንዳንዳቸው በዓመት 162 ጨዋታ ያደርጋሉ። ወራጅ ግን የለም! መቶ ጊዜ የተሸነፈ ቡድን በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ሊግ ውስጥ ነው። እንዲያውም የተሸነፈ ቡድን ይካሳል። ድራፍት በሚባለው ዓመታዊ ምርጫ ላይ ጎበዝ ወጣቶችን ቀድሞ የመምረጥ ዕድል የሚያገኘው ዝቅ ብሎ የጨረሰው ነው። በዚህ የተነሳ “እንሸነፍና እንገንባ” የሚለው ፈሊጥ እንደ ትልቅ ብልሃት ሲወራ ኖሯል።

ሁለተኛ፣ ዝውውሩ እንደ እግር ኳሱ በጥሬ ገንዘብ አይደለም። በዋናነት ተጨዋች በተጨዋች ነው የሚለወጠው። ትሬድ ይሉታል፤ እኛ ልውውጥ እንበለው። ደካማው ቡድን የበሰለውን ተጨዋች ለጠንካራው ይሰጥና በምትኩ ገና በታችኛው ሊግ ያሉ፣ አንዳንዴም ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ልጆችን ይቀበላል። ልጆቹ በአራት የታችኛው ሊግ እርከኖች እያለፉ ነው የሚያድጉት። ፈረንጆቹ ራሳቸው ይህንን የማሳደጊያ መዋቅር “እርሻ” ይሉታል።

ሦስተኛ፣ አንድ ተጨዋች በትልቁ ሊግ ስድስት ዓመት እስኪሞላው ድረስ የክለቡ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት በአብዛኛው በዝቅተኛው ደመወዝ አካባቢ ይጫወታል፤ ቀጣዮቹን ሦስት ደግሞ ደመወዙ በድርድር ወይም በዳኞች እየታየ ከፍ ይላል። ስድስቱ ሲሞሉ ነፃ ሰው ነው፤ ወደፈለገበት ይሄዳል። ስለዚህ የልውውጥ ገበያ ሁልጊዜ የሰዓት ጉዳይ ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እንዲሉ፣ በጊዜው ያልለወጠ ክለብ ተጨዋቹን በባዶ እጁ ይሸኘዋል።

የ2019 ጀግኖች የት ደረሱ?

ናሽናልስ ከሞንትሪያል ካናዳ ወደ ዋሽንግተን የመጣው በ2005 ነው። በ2019 የውድድር ዘመን ከመጀመሪያዎቹ 50 ጨዋታዎች 31ዱን ተሸንፎ ነበር። “አበቃለት” ሲባል ተነስቶ 93 ጨዋታ አሸነፈና በመጨረሻ ወርልድ ሲሪስ ላይ ሂውስተን አስትሮስን በሰባት ጨዋታ ረታ። ለዋሽንግተን ከተማ ከ1924 ወዲህ የመጀመሪያው የቤዝቦል ዋንጫ ነበር። የ95 ዓመት ጥም ማለት ነው!

ከዚያስ? የዚያ ዓመት ዋነኛ መቺ አንቶኒ ሬንዶን በዚያው ክረምት በ7 ዓመት 245 ሚሊዮን ዶላር ወደ ሎስ አንጀለስ ኤንጅልስ ሄደ። ክለቡ ገንዘቡን ለፒቸሩ፣ ማለትም ለኳስ ወርዋሪው ለስቴፈን ስትራስበርግ ሰጠ፤ እሱም በ7 ዓመት 245 ሚሊዮን። ስትራስበርግ የወርልድ ሲሪሱ ኮከብ ስለነበር በወቅቱ የተቃወመ ብዙም አልነበረም። ዳሩ ግን ጉዳት ጨረሰው። ያንን ውል ከፈረመ በኋላ የተጫወተው 8 ጨዋታ ብቻ ነው።

በ2021 ሐምሌ መጨረሻ ደግሞ በአንድና ሁለት ቀን ውስጥ ስምንት ተጨዋቾች ተለወጡ። ከነሱ መካከል ሁለት ጊዜ በናሽናልስ ማሊያ የዓመቱ ምርጥ ፒቸር የሆነው ማክስ ሸርዘርና ፈጣኑ ትሬ ተርነር አንድ ላይ ወደ ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ሄዱ። በምትካቸው ከመጡት አራት ልጆች ትልቅ ተስፋ የተጣለባቸው ፒቸሩ ጆሳያ ግሬይና ኳስ ተቀባዩ ኬይበርት ሩዊዝ ነበሩ። ግሬይ በ2023 ለኮከቦች ጨዋታ ተመረጠ፤ በ2024 ክርኑ ተጎዳና ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ 2025ንም ሙሉውን ሳይጫወት ቀረ። ሩዊዝ በ2023 የ8 ዓመት የ50 ሚሊዮን ዶላር ውል ቢሰጠውም የተባለውን ያህል አልሆነም። ይህኛው ልውውጥ እንግዲህ አከሰረ ማለት ይቻላል።

ቀጥሎ የመጣው ግን እውነተኛው መርዶ ነው። ሁዋን ሶቶ በ2019 ዋንጫው ሲነሳ ገና 21 ዓመት የሞላው ልጅ ነበር። በ2022 ክለቡ 15 ዓመት በ440 ሚሊዮን ዶላር ቢያቀርብለት “አልፈልግም” አለ። ነፃ የሚወጣው በ2024 መጨረሻ ነበር። ክለቡ ሁለት ዓመት ተኩል ቀድሞ፣ በነሐሴ 2022፣ ከጆሽ ቤል ጋር ወደ ሳንዲያጎ ፓድሬስ ሰደደው። በምትኩ ሲ ጄ ኤብራምስ፣ ማኬንዚ ጎር፣ ጄምስ ውድ፣ ሮበርት ሀሰልና ሃርሊን ሱሳና የተባሉ አምስት ወጣቶች፣ በላያቸው ላይ ደግሞ ልምድ ያለው ሉክ ቮይት መጡ።

ሶቶን መስጠት ስህተት ነበር?

እስቲ ሒሳቡን በሰከነ መንፈስ እንየው። ፓድሬስ በዚያው ዓመት ለወርልድ ሲሪስ አንድ እርከን ሲቀረው በፊላደልፊያ ተሸነፈ። በ2023 ፕሌይኦፍ ሳይገባ ቀረ፤ በታኅሣሥም ሶቶን ለኒውዮርክ ያንኪስ ሰጠው። ያንኪስ በ2024 ወርልድ ሲሪስ ደርሶ በዶጀርስ ተረታ። ከዚያ ሶቶ ነፃ ወጣና ከኒውዮርክ ሜትስ ጋር በ15 ዓመት 765 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። ሰባት መቶ ስልሳ አምስት ሚሊዮን! እንግዲህ 440ውን የናቀው ልጅ የሚያደርገውን ያውቅ ነበር ማለት ነው።

በሌላ በኩል ናሽናልስ ምን አገኘ? ኤብራምስ በ2024 ለኮከቦች ጨዋታ ተመረጠ። በ2025 ደግሞ ጎርና ውድ ተመረጡ። ከአንድ ልውውጥ ሦስት ኮከብ! እንዲህ ዓይነት ነገር በቤዝቦል ታሪክ በቀላሉ አይገኝም። ውድ እንዲያውም የዚሁ አካባቢ ልጅ ነው፤ የተወለደው ብዙ ሐበሻ በሚኖርበት በሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ሮክቪል ከተማ ነው። ሁለት ሜትር የሚረዝም ጎረምሳ ነው፤ በ2025 ሰላሳ አንድ ሆምረን መትቷል። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ኤንጅልስ በአንድ ጨዋታ አራት ጊዜ እንዳይመታ ሆን ብለው በነፃ ወደ ቤዝ አሳልፈውታል። ከ2004ቱ ባሪ ቦንድስ ወዲህ እንዲህ የተፈራ መቺ አልነበረም። እርግጥ በዚያው ዓመት ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ በባዶ ሰንዝሮ ወጥቷል፤ ገና ልጅ ነው፣ ይማራል።

ስለዚህ “ሶቶን የሰጣችሁ ጊዜ ነው ያለቅነው” የሚሉት ወዳጆቼ ይቅርታ ያድርጉልኝና አልስማማም። ባይሰጡት ኖሮ በ2024 መጨረሻ በባዶ እጃቸው ነበር የሚሸኙት። ሬንዶን የሄደው እንዲያ ነበር፤ ከዚያ በፊትም ብራይስ ሃርፐር ከ2018 በኋላ ወደ ፊላደልፊያ በ13 ዓመት 330 ሚሊዮን ሲሄድ ለክለቡ ከአንድ ሁለት የድራፍት ዕጣ በቀር የተረፈው ነገር የለም።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። ሦስት ኮከብ ያስገኘ ልውውጥ የሠራ ቡድን በ2025 ለምን 96 ጊዜ ተሸነፈ? 2022 ላይ 107 ሽንፈት፤ እሺ፣ ያፈረሱበት ዓመት ነው። 2023 ላይ 91፤ ይሁን፣ እየተነሱ ነው። 2024 ላይ ደግሞ እንደገና 91! 2025 ላይ 96! ከ2020 እስከ 2025 ባሉት ስድስት ዓመታት 354 አሸንፎ 516 ተሸንፏል። ሕንፃ ሲገነባ ወለሉ ወደ ላይ ነው የሚቆጠረው፤ ይኼኛው ግን ከሦስተኛ ፎቅ ወደ ምድር ቤት ወረደ።

መሬቱ አልታረሰም

መልሱ በእኔ እምነት ሁለት ነው። የመጀመሪያው እርሻው ነው። ክለቡ ለዓመታት በድራፍት የመረጣቸውን ልጆች ማሳደግ አልቻለም። ከ2016 እስከ 2019 በየዓመቱ በቅድሚያ ከመረጣቸው አራት ወጣቶች አንዳቸውም የቡድኑ ምሰሶ አልሆኑም። በ2023 ሁለተኛ ሆኖ የመረጠው ዲላን ክሩስ እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ ዱላው አልያዘለትም። ከሱ በፊት አንደኛ ሆኖ በፒትስበርግ የተመረጠው የዩኒቨርሲቲ ጓደኛው ፖል ስኪንስ ግን በ2025 የናሽናል ሊግ ምርጥ ፒቸር ሽልማትን ወስዷል። ዕጣ ነው ይባል ይሆናል። አንድ ጊዜ ዕጣ ነው፤ አስር ዓመት ሙሉ ሲሆን ግን አሠራር ነው።

በ2025 ሐምሌ 6 ባለቤቶቹ ከ2009 ጀምሮ የክለቡን የቡድን ግንባታ የመሩትን ማይክ ሪዞንና ከ2018 ጀምሮ አሰልጣኝ የነበሩትን ዴቭ ማርቲኔዝን አሰናበቱ። ሁለቱም ዋንጫ ያመጡ ሰዎች ናቸው፤ ክብር ይገባቸዋል። ስንብቱ ግን የዘገየ እንጂ የቸኮለ አልነበረም። የሚገርመው ሪዞ የተሰናበቱት ክለቡ በድራፍት የመጀመሪያውን ምርጫ ሊያደርግ አንድ ሳምንት ሲቀረው መሆኑ ነው። የተመረጠው የ17 ዓመቱ ኢላይ ዊሊትስ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት! መቼ ሊደርስ እንደሆነ አስቡት።

ሁለተኛው መልስ የባለቤቶቹ ኪስ ነው። እዚህ ላይ ነው የሚያናድደኝ። ይኸው ክለብ ከዚህ ቀደም አንድ ጊዜ ፈርሶ ተገንብቶ ያውቃል፤ እንዴት እንደሚሠራ አያውቅም አይባልም። በ2008 እና በ2009 በተከታታይ ከመቶ በላይ ጨዋታ ተሸነፈ። በ2009 ስትራስበርግን፣ በ2010 ሃርፐርን አንደኛ ሆኖ መረጠ። ልብ በሉ፤ በ2010 ገና 93 ጨዋታ ተሸንፎ ሳለ ጄሰን ወርዝን በ7 ዓመት 126 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመ። “አብደዋል” ተባሉ። ለአንድ መቺ ብዙ ብር ነበር፤ ነገር ግን ወርዝ ሲፈርም ልጆቹም ደጋፊውም “ቀኑ ቀርቧል” ብለው አመኑ። በ2011 መጨረሻ ፒቸሩን ጂኦ ጎንዛሌዝን በልውውጥ አመጡ። በ2012 ደግሞ 98 ጨዋታ አሸንፈው ከ1933 ወዲህ የዋሽንግተንን የመጀመሪያ ፕሌይኦፍ አገኙ።

አሁን ይህንን ከሁለተኛው ግንባታ ጋር አነጻጽሩት። ከሶቶ በኋላ በነበሩት ክረምቶች ክለቡ ያስፈረማቸው በአብዛኛው የአንድ ዓመት ሰዎች ነበሩ። በ2023 ጄመር ካንዴላሪዮን በ5 ሚሊዮን ዶላር ለአንድ ዓመት አስፈርሞ በሐምሌ ለቺካጎ ካብስ ሰጠው። በ2024 ጄሲ ዊንከር መጣ፤ በሐምሌ ወደ ሜትስ ሄደ። ሌን ቶማስም ወደ ክሊቭላንድ። ዓላማው ግልጽ ነው፤ ርካሽ ገዝቶ፣ አደልቦ፣ በልጅ መለወጥ። ለአንድ ሁለት ዓመት ብልህነት ነው። በየዓመቱ ሲደጋገም ግን ቡድን መገንባት መሆኑ ይቀርና የከብት ገበያ ይሆናል። ደጋፊው የገዛው የተጨዋች ስም ያለበት ማሊያ ሳይታጠብ ተጨዋቹ ሄዷል!

ባለቤቶቹ የለርነር ቤተሰብ በ2022 ክለቡን ለመሸጥ ገበያ አውጥተው ነበር፤ በ2024 መጀመሪያ ላይ ደግሞ “አንሸጥም” አሉ። መብታቸው ነው። ግን የማይሸጥ ቤት ጣራው ሲያፈስ ይጠገናል። ሽንፈቱን ባለሀብቱ በቁጠባ ሲያተርፍበት ደጋፊው ብቻ ከከፈለው፣ ያ ግንባታ የማን ነው?

ሌሎቹስ ምን አደረጉ?

“መሸነፍ ዋጋ አለው፤ አስትሮስን ተመልከት” የሚል መከራከሪያ ሁሌም ይነሳል። እውነት ነው፤ ሂውስተን ከ2011 እስከ 2013 በተከታታይ 106፣ 107 እና 111 ጨዋታ ተሸንፎ በ2017 ዋንጫ አነሳ። ዋንጫው በካሜራ የተቃራኒን ምልክት የመስረቅ ቅሌት እንዳጠላበት ሳንረሳ ማለት ነው። ቺካጎ ካብስም በ2012 መቶ አንድ ጊዜ ተሸንፎ በ2016 የ108 ዓመት ድርቁን ሰበረ። ሁለቱም ግን ልጆቹ ሲደርሱ ገንዘብ አውጥተው የበሰለ ሰው ጨምረዋል።

ደግሞም ሕጉ ተለውጧል። ከ2023 ድራፍት ጀምሮ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ምርጫዎች በዕጣ ነው የሚወጡት፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ቡድኖች እያንዳንዳቸው ያላቸው ዕድል 16.5 በመቶ ብቻ ነው። በተከታታይ በዕጣ እንዳይጠቀሙም ገደብ ተጥሏል። ቺካጎ ዋይት ሶክስ በ2024 በዘመናዊው የሊጉ ታሪክ ሪከርድ የሆነ 121 ሽንፈት አስመዝግቦ በ2025 ድራፍት ያገኘው 10ኛውን ምርጫ ነው። 71 ያሸነፈው ናሽናልስ ደግሞ አንደኛውን አገኘ! እንግዲህ መሸነፍ ራሱ እንኳ እንደ ድሮው አይከፍልም።

ጎረቤታችን ባልቲሞር ጥሩ ትምህርት ነው። ኦሪዮልስ በ2021 መቶ አስር ጊዜ ተሸንፎ በ2023 መቶ አንድ ጊዜ አሸነፈ። እርሻው ለምለም ነበር። ነገር ግን በ2023ም በ2024ም በፕሌይኦፍ አንድ ጨዋታ እንኳ ሳያሸንፍ ወጣ። ዋነኛ ፒቸሩ ኮርቢን በርንስ ከ2024 በኋላ ወደ አሪዞና ሲሄድ እሱን የሚያክል አላመጣም፤ በ2025 ከግማሽ በታች ወረደ። ልጅ ማሳደግ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው።

ተቃራኒውን ካንሳስ ሲቲ ሮያልስ አሳይቷል። ትንሽ ከተማ፣ ትንሽ ገቢ። በ2023 መቶ ስድስት ጊዜ ተሸነፈ። በዚያው ክረምት ግን ባለቤቱ ኪሱን ፈታ። ፒቸሮቹን ሴት ሉጎንና ማይክል ዋካን አስፈረመ፤ ወጣቱን ኮከብ ቦቢ ዊት ጁኒየርን በ11 ዓመት ከ288 ሚሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ውል አሰረ። በ2024 ሰማንያ ስድስት አሸንፎ ፕሌይኦፍ ገባ፤ እዚያም ኦሪዮልስን አሸንፎ አለፈ። በአንድ ዓመት! ካንሳስ ሲቲ የቻለውን የአሜሪካ ዋና ከተማ እንዴት ያቅታታል?

ቡቃያውን መልሶ መሸጥ

ወደ ራሳችን እንመለስ። በ2025 መገባደጃ ክለቡ ከቦስተን ሬድ ሶክስ የመጣውን የ35 ዓመቱን ፖል ቶቦኒን የቤዝቦል ሥራው ፕሬዚዳንት አደረገ። ለአሰልጣኝነትም ገና የ33 ዓመት ጎልማሳ የሆነውን ብሌክ ቡቴራን ሾመ። ወጣት መሾሙ ክፋት የለውም። ሁለቱም የመጡት ተጨዋች በማሳደግ ከታወቁ ክለቦች ነው። እርሻው ያስፈለገው ገበሬ ይኸው ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ነገር ግን በጥር 2026 ጎር ወደ ቴክሳስ ሬንጀርስ ተለወጠ። በምትኩ አምስት ልጆች መጡ። ጎር ማለት የሶቶ ዋጋ ነው እኮ! ገና የሁለት ዓመት ውድድር ጊዜ በእጁ ያለ፣ ለኮከቦች ጨዋታ የተመረጠ፣ የ26 ዓመት ፒቸር። ሶቶን ሰጥተን ጎርን አገኘን፤ ጎርን ሰጥተን አምስት ልጅ አገኘን፤ አምስቱ ሲደርሱስ? ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይሏል ይሄ ነው። የአካባቢውን ታሪክ ለሚያውቅ ሌላም ስላቅ አለው። ሬንጀርስ ማለት ድሮ የዋሽንግተን ሴናተርስ የነበረው፣ ከ1971 የውድድር ዘመን በኋላ ከተማዋን ጥሎ ወደ ቴክሳስ የሄደው ቡድን ነው። ዋሽንግተን ከዚያ በኋላ 33 የውድድር ዘመን ያለ ቤዝቦል ቀርታለች።

የቶቦኒን ሃሳብ አልረዳም ማለቴ አይደለም። የናሽናልስ እርሻ ባዶ ነበር፤ አንድ ፒቸር ይዞ 96 ጊዜ ከመሸነፍ አምስት ልጅ መያዝ ይሻላል የሚለው ክርክር ውሃ ያነሳል። ጎርም በ2027 መጨረሻ ነፃ ይወጣ ነበር፤ አብሮ ለመቆየት ይፈርም ነበር ብሎ የሚምል የለም። እንደ ነጠላ ልውውጥ ካየነው ያስኬዳል። እኔን የሚያሳስበኝ ሰንሰለቱ ነው። አዲስ መሪ በመጣ ቁጥር ግንባታው ከዜሮ የሚጀመር ከሆነ፣ የቀድሞው ስድስት ዓመት ትዕግሥታችን ከየትኛው ሒሳብ ላይ ተያዘ?

በ2019 ዋንጫው ሲዞር በአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ ያየ የሰባት ዓመት ልጅ በ2025 መጨረሻ አሥራ ሦስት ሞልቶታል። ደጋፊ የሚሠራው በዚህ ዕድሜ ነው። ያ ልጅ በእነዚህ ዓመታት የለመደው ነገር ቢኖር የሚወደውን ተጨዋች በሐምሌ መሰናበት ነው። ክለብ ተጨዋችን በድራፍት ያገኛል፤ ደጋፊን ግን በድራፍት አያገኝም። ቲኬቱም የቡድኑ ሽንፈት በበዛ ቁጥር በነፃ አይታደልም።

ቀን ቁረጡልን

ታዲያ ምን ይደረግ? ማማረር ብቻ የጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ዓይነት እንዳይሆን የእኔን ሦስት ነጥቦች ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ ቀን ይቆረጥ። “ሂደት ላይ ነን” የሚለው ቃል ሰልችቶናል። ዋንጫ በዚህ ቀን አምጡ የሚል የለም። ግን “ከዚህ ዓመት በኋላ የደረሰ ተጨዋች በልጅ አንለውጥም” የሚል ድንበር ሊኖር ይገባል። ገበሬም እኮ ዘር የሚዘራበትንና የሚያጭድበትን ወር ያውቃል።

ሁለተኛ፣ ከራሳቸው ቡቃያ ቢያንስ አንዱ በረጅም ውል ይታሰር። ሮያልስ ዊትን እንዳሰረው ማለት ነው። ሰውየው ለእኔ ጄምስ ውድ ነው። ትልቁን ሊግ የተቀላቀለው በ2024 ሐምሌ ስለሆነ ስድስቱ ዓመት በሕጉ የሚሞሉት በ2030 መጨረሻ ነው። ጊዜ አለ ማለት ነው፤ ነገር ግን በሶቶም ጊዜ “ጊዜ አለ” ሲባል ነበር። ለሶቶ 440 ሚሊዮን ሲቀርብለት ዕድሜው 23 ቢሆንም የገበያ ዋጋውን በደንብ ያወቀ ሰው ሆኖ ነበር። የዊት ብልሃት ቀደም ብሎ መፈረሙ ነው። የአካባቢውን ልጅ አሳድጎ ለኒውዮርክ መስጠት ከሶቶ በላይ የሚያቃጥል ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ለፒቸር ይከፈል። በ2025 የናሽናልስ ወርዋሪዎች ከሊጉ ደካማዎቹ ተርታ ነበሩ። ኤብራምስና ውድ አምስት ነጥብ ቢያመጡ ወርዋሪዎቹ ሰባት ያስገባሉ። የወርዝ ዓይነት ፊርማ ያስፈልጋል፤ ገና ሳይጠናቀቅ፣ ገና “አብደዋል” እየተባለ የሚደረግ ፊርማ። የስትራስበርግ ውል ባለቤቶቹን እንዳስደነገጣቸው ይገባኛል። ግን አንድ ዓመት ዝናብ ቀረ ተብሎ እርሻ አይተውም።

ልውውጥን አልጠላም። ከሶቶ ልውውጥ ሦስት ኮከብ ሲወጣ ማየቴ የበለጠ እንዳምንበት አድርጎኛል። ነገር ግን ልውውጥ ዘር መግዣ ነው፤ ዘር ደግሞ የሚገዛው ሊበላ ነው። ከናሽናልስ ስድስት ዓመት የጠበቀው ደጋፊ የሚጠይቀው ጎተራ ሙሉ እህል አይደለም። ቢያንስ ቢያንስ የሚቀጥለው እሸት ሲደርስ ወደ ገበያ ሳይሆን ወደ ቤት እንዲገባ ነው።